በጤና ኢንሹራንስ ላይ ቲፎዞነት ይብቃን

ወገኖቼ፣ አሜሪካ የምትኖሩ፣ ዜግነት ወስዳችሁ ድምፅ የምትሰጡ ኢትዮጵያውያን፤ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። ቅር ሊላችሁ ይችላል። ቢሆንም መባል አለበት።

ስለ ጤና ኢንሹራንስ የምታደርጉት ነገር ክርክር አይባልም። ቲፎዞነት ነው። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ሆነ፣ ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ ሆነ፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሆነ፣ የምሰማው ያው ነው። አንዱ «ኦባማኬር ሶሻሊዝም ነው፣ ከደርግ የሸሸነው ለዚህ ነው እንዴ?» ይላል። ሌላው «ሪፐብሊካን ድሃ ቢሞት ደስ ይለዋል» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ስድብ ይከተላል፣ ከዚያ ግሩፑን ጥሎ መውጣት። ኦባማኬር የሚባለው የኦባማ የጤና ኢንሹራንስ ሕግ ምን ይላል ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አይገኝም።

በዚያው ሰዓት የአንዷ እናታችን ማቀዝቀዣ ላይ ከሜዲኬይድ (መንግሥት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ከሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) ቢሮ የመጣ ፖስታ ሳይከፈት ተቀምጧል። ውስጡ የማደሻ ፎርም አለ። የመመለሻው ቀን ተጽፎበታል። እሷ እንግሊዝኛ አታነብም። ልጇ ስልኩ ላይ ስለ ትራምፕና ስለ ባይደን ሲሟገት ያመሻል። ይህ የፈጠራ ወሬ እንዳይመስላችሁ። በወረርሽኙ ጊዜ ቆሞ የነበረው የሜዲኬይድ ማጣራት በ2023 ኤፕሪል እንደገና ሲጀመር ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ከመዝገብ ወጥቷል። አብዛኛው የወጣው ገቢው በዝቶ ተገኝቶ አይደለም። ወረቀቱ በጊዜው ስላልተመለሰ ወይም ስላልተሟላ ነው።

መጀመሪያ ራሳችሁን ወግ አጥባቂ የምትሉትን ላናግር። ፍርሃታችሁ ከሜዳ የመጣ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ1967 ዓ.ም. ቤቱና መሬቱ ሲወረስ ያየ ሰው የመንግሥት እጅ ሲረዝም ቢደነግጥ ማን ይፈርድበታል? (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ሁለት ሥራ እየሠራችሁ ታክስ ትከፍላላችሁ። ልጆቻችሁን በሥርዓት ታሳድጋላችሁ። በ2021 የቨርጂኒያ ምርጫ ብዙዎቻችሁ ለሪፐብሊካኑ የገዥነት እጩ ለግሌን ያንግኪን የቀሰቀሳችሁት የባይደን መንግሥት በጦርነቱ ወቅት በኢትዮጵያ ላይ የያዘው አቋም ስላስቆጣችሁ ነበር። መብታችሁ ነው። ግን በአገር ቤት ጉዳይ አንዱን ፓርቲ ለመቅጣት ብላችሁ የሌላውን ፓርቲ የጤና ፖሊሲ ሳታላምጡ መዋጥ ምን የሚሉት ነው?

ደግሞም ሶሻሊዝም የምትሉት ነገር ከየት እንደመጣ እወቁ። ሰው ሁሉ ኢንሹራንስ የመግዛት ግዴታ ይኑርበት የሚለውን ሐሳብ በ1989 ይዞ የወጣው ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን ነው፣ ያውም የወግ አጥባቂዎቹ ዋና የጥናት ተቋም። በ1993 ሪፐብሊካኑ ሴናተር ጆን ቼፊ በሕግ ረቂቅ መልክ አቀረቡት፤ የሴኔቱ የሪፐብሊካኖች መሪ ቦብ ዶል ሳይቀሩ ደገፉት። በ2006 ሚት ሮምኒ የማሳቹሴትስ ገዥ ሆነው ቦስተን ፋኑይል አዳራሽ ውስጥ በሕግነት ፈረሙት። ዴሞክራቱ ቴድ ኬኔዲም በሥነ ሥርዓቱ ላይ አብረዋቸው ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ኦባማ በዚያው ንድፍ ላይ የተሠራ ሕግ ለኮንግረስ ሲያቀርቡ በታችኛው ምክር ቤት 219 ለ212 አለፈ። ከሪፐብሊካን ወገን አንድም የድጋፍ ድምፅ አልነበረም።

በእርግጥ የሄሪቴጁ ግዴታ ጠበብ ያለ ነበር። ለከባድ ሕመም ብቻ የሚሆን ኢንሹራንስ ነው ያሰቡት። ተቋሙም በኋላ ሐሳቡን ትቶታል። ሐሳብ መቀየር ነውር የለውም። ነውሩ ትናንት የራስ የነበረውን ሐሳብ ዛሬ ሌላው ሲያነሳው ኮሚኒዝም ብሎ መጥራት ነው። እናንተ ደግሞ ይህን ስድብ ተቀብላችሁ በአማርኛ ትደግሙታላችሁ።

እስቲ እድርን አስቡ። ሰው ታሞ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ «እድር አስገቡኝ» ቢል የእድሩ ዳኛ ምን ይለዋል? ጤነኛውም፣ ወጣቱም፣ ለዓመታት ቤቱ ሐዘን ያልገባበትም በየወሩ ስለሚከፍል ነው ሳጥኑ ውስጥ ገንዘብ የሚገኘው። ኦባማኬር ኩባንያዎቹን «ስኳር አለበት፣ ልቡን ታሟል ብላችሁ ሰው አትመልሱ» አላቸው። እንዲህ ከተባለ ጤነኛውም መግባት አለበት፤ አለበለዚያ ሰው ሁሉ እስኪታመም ጠብቆ ነው የሚመዘገበው። ግዴታው የመጣው ከዚህ ነው። በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ሲያጸድቀው ወሳኙን ድምፅ የሰጡት በጆርጅ ቡሽ የተሾሙት ዳኛ ጆን ሮበርትስ ነበሩ። በ2017 ሪፐብሊካኖች ባወጡት የታክስ ሕግ ኢንሹራንስ በማይገዛ ሰው ላይ የሚጣለው ቅጣት ዜሮ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሰዉን በኦባማኬር የኢንሹራንስ ገበያ ያቆየው መንግሥት ለወርሃዊ ክፍያው የሚሰጠው ድጎማ ነው።

ወግ አጥባቂነት የተከበረ አስተሳሰብ ነው። የቆመን ነገር ከማፍረስህ በፊት የምትተካውን አሳይ ይላል። ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራው ፓርቲ ግን ከ2010 ጀምሮ «አፍርሰን እንተካለን» ሲል ኖረ። በታችኛው ምክር ቤት በደርዘን የሚቆጠር ጊዜ የማፍረስ ድምፅ ሰጠ። በ2017 ጁላይ 28 ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሴኔቱ ሪፐብሊካኑ ጆን ማኬይን አውራ ጣታቸውን ወደታች ቀስረው የራሳቸውን ፓርቲ ረቂቅ ጣሉት፤ 49 ለ51። በ2024 ሴፕቴምበር በተደረገው የፕሬዚዳንታዊ ክርክር ትራምፕ እቅድዎ ምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁ ገና በሐሳብ ደረጃ ያለ እቅድ እንዳላቸው ተናገሩ። አሥራ አራት ዓመት አልፎ ማለት ነው! ድምፅ የሰጣችሁት እናንተ፣ «ምትኩ የት አለ?» ብላችሁ አንድ ቀን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ዴሞክራት ቢጠይቃቸው አይሰሙም። እናንተን ግን ይሰማሉ።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳዩ ሪፐብሊካኖችም ሞልተዋል። በኦሃዮ ጆን ኬሲክ፣ በአሪዞና ጃን ብሩወር ገዥ ሆነው ሜዲኬይድን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተጨማሪ ጎልማሶች አስፋፍተዋል። በ2018 አይዳሆ፣ ዩታና ነብራስካ፣ በ2020 ኦክላሆማና ሚዙሪ በሕዝብ ድምፅ አጽድቀውታል። እነዚህ የዴሞክራት ስቴቶች አይደሉም።

አሁን ወደ እናንተ ልዙር፣ ዴሞክራት ነን ባዮች። እናንተም ንጹሕ አይደላችሁም። ኦባማ «ኢንሹራንሳችሁን ከወደዳችሁት አይነካባችሁም» ብለው ቃል ገቡ። በ2013 መጨረሻ ሚሊዮኖች የስረዛ ደብዳቤ ደረሳቸው። ፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ጠየቁ፤ እናንተ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ስታነሱት አልሰማሁም። ድጎማ የማያገኘው መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ፕሪሚየሙ (የኢንሹራንስ ወርሃዊ ክፍያው) በየዓመቱ ሲንር አይታችሁ ዝም ብላችኋል። ካርድ በኪሱ ይዞ ዲዳክተብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ራሱ የሚከፍለው) ብዙ ሺህ ዶላር ስለሆነበት ሐኪም ቤት የማይሄድ ሰው አለ። እሱ ሲያማርር «ልበ ደንዳና» ትሉታላችሁ። ያ ሰው ልበ ደንዳና አይደለም። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ነው።

«እኔ ሁለት ሺፍት እየሠራሁ ለምን ለማይሠራ ሰው እከፍላለሁ?» የምትለዋ ነርስ ረዳትም በስድብ የምትሸኝ አይደለችም። መልስ ይገባታል። መልሱም አለ። አብዛኛው ሜዲኬይድ ላይ ያለ ጎልማሳ ይሠራል። በ2018 አርካንሳ የሥራ ሰዓትን የማስመዝገብ ግዴታ ስታወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ 18 ሺህ ያህል ሰው ከመዝገብ ወጣ። የስቴቱ የማስመዝገቢያ ድረ ገጽ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ይዘጋ ነበር። ማታ ከሥራ የሚገባ ሰው ሥራ እንዳለው ማስመዝገብ አልቻለም! በ2019 ፍርድ ቤት አስቆመው። አሁን ያው ግዴታ በ2025 ጁላይ በወጣው ሕግ በፌዴራል ደረጃ ተመልሷል። ሕጉ የያዘለት ቀን የ2027 መጀመሪያ ነው፤ በወር 80 ሰዓት ሥራ ወይም 580 ዶላር ገቢ ማሳየት ይጠይቃል። ኡበር የሚነዳ ሰው ሰዓቱን የሚፈርምለት አለቃ የለውም። ከዛሬ ጀምሮ ገቢያችሁን በወር በወር መዝግባችሁ ያዙ።

ይህን ያህል የምቆጣው ነገሩ ከማንም በላይ ወደ እኛ ስለሚመጣ ነው። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ ኤርፖርት ተራውን እየጠበቀ መኪናው ውስጥ በስልኩ የኢንሹራንስ ፎርም የሚሞላውን ሹፌር እዩት። የመጪው ዓመት ገቢህ ስንት ነው ይለዋል። እሱ የመጪውን ሳምንት አያውቅም። በወረርሽኙ ጊዜ የተጨመረው ድጎማ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል። ስለዚህ በ2026 ብቻውን የሚኖር ሰው ገቢው ከ62,600 ዶላር በአንድ ዶላር ቢያልፍ ድጎማው ሙሉ በሙሉ ይቀራል። አሳንሶ ከገመተ ደግሞ በታክስ ሰዓት ያለአግባብ የወሰደውን በሙሉ ይመልሳል። ድሮ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚመለሰው ጣሪያ ነበረው፤ አዲሱ ሕግ ጣሪያውን አንስቶታል። ይህን የሚያውቅ ስንት ሹፌር አለ? ስለ ድጎማው መንግሥት ለ43 ቀን ሲዘጋ ሁላችንም ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ስንነታረክ ነበር። ቁጥሩን የነገረው ግን የለም።

የት እንደምትኖሩም ለውጥ ያመጣል። ልጅ የሌለው፣ በዓመት 15,000 ዶላር የሚያገኝ ጎልማሳ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ቢኖር ሜዲኬይድ ያገኛል። ቴክሳስ፣ ዳላስ ቢኖር ግን ለሜዲኬይድ ብቁ አይደለም፣ ገቢው ከድህነት መስመሩ በታች ስለሆነ ድጎማም አያገኝም። አትላንታም እንደዚያው ነው፤ ጆርጂያ የሥራ ግዴታ ያለበት ጠባብ ፕሮግራም ብቻ ነው ያላት። ይህን የወሰነው ዋይት ሀውስ አይደለም፣ የስቴቱ ምክር ቤት ነው። በስቴት ምርጫ ቀን ግን አብዛኞቻችን ቤታችን ነን። በ2017 የቨርጂኒያ ምርጫ ኒውፖርት ኒውስ ላይ ሁለት እጩዎች እኩል ድምፅ አግኝተው አሸናፊው በዕጣ ተለየ። በዚያ ዕጣ ሪፐብሊካኖች 51 ለ49 ሆነው ምክር ቤቱን ያዙ። በቀጣዩ ዓመት ግን ከእነሱ መካከል የተወሰኑት ከዴሞክራቶች ጋር ቆመው ሜዲኬይድን አስፋፉ። መራጩ በር በራቸው ላይ ቆሞ ስለነበር ነው።

የመጨረሻው ነገር የሚያንገበግበኝ ነው። በዚያው የ2025 ሕግ መሠረት ከ2026 ኦክቶበር 1 ጀምሮ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ግሪን ካርድ ካልያዙ በፌዴራል ገንዘብ ከሚሰጠው መደበኛ ሜዲኬይድ ይወጣሉ። በ2027 መጀመሪያ ደግሞ የገበያው ድጎማ ይቀርባቸዋል። በሕጋዊ መንገድ የገቡ፣ ጉዳያቸው ታይቶ የተፈቀደላቸው ሰዎች ናቸው። በየቤታችን አሉ። ምድር ቤት ያከራየናቸው፣ ሬስቶራንት አብረውን የሚሠሩ፣ ልጆቻችንን የሚጠብቁልን። ጥገኝነት ካገኙ አንድ ዓመት የሞላቸው ለግሪን ካርድ ማመልከት ይችላሉ። አላመለከቱ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፣ ፎርሙን አብራችሁ ሙሉ። እነሱ ድምፅ የላቸውም። እናንተ ግን አላችሁ።

በ2026 ኖቬምበር 3 የኮንግረስ ምርጫ ነው። እጩዎች እንደ ልማዳቸው አዳራሻችን ይመጣሉ። ነጠላ እናለብሳቸዋለን፣ እንጀራ እናበላቸዋለን፣ ፎቶ ተነስተው ይሄዳሉ። ዘንድሮ ሪፐብሊካንም ይምጣ ዴሞክራት፣ ከመቀመጡ በፊት አንድ ሰው ይነሳና ይጠይቀው፦ ጥገኝነት ያገኘችው እህቴ ከኦክቶበር በኋላ ነቀርሳ ቢገኝባት ሕክምናዋን ማን ይከፍላል? አንተስ በዚህ ላይ ምን ድምፅ ትሰጣለህ?