ለክቡር የጣሪያችን ውኃ መውረጃ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ውኃ ስለማውረድ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን ከሦስተኛ ፎቅ አቀርባለሁ። ሰላምታዬ ወደ ላይ ነው የሚጓዘው፤ ከእርስዎ ወደ እኔ የሚወርደው ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ባለፈው እሑድ የመጀመሪያ ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ተቆልቷል፣ ከጎረቤት የተለመኑት ወንበሮች ተደርድረዋል። ልጄ ወጥ ቤት ገብታ ከመጋረጃው ጀርባ ጆሮዋን አቁማለች። ዝናቡ ደግሞ ከቀትር ጀምሮ፣ የጅማ ዝናብ እንደሚያውቀው አድርጎ፣ ያለ እረፍት ይወርዳል። ወደ እርስዎ አይወርድም እንጂ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። በወጉ መሠረት የመጡበትን ሳይናገሩ አይቀመጡም፤ ቆሙ። የሁሉም ታላቅ የሆኑት አባት ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው የቆሙት በትክክል ከመብራቱ ሥር ነው። የዚያን መብራት መስታወት እርስዎ አይተውት አያውቁም። ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ያቋተ ጎድጓዳ መስታወት ነው፤ የሞቱ ትንኞች ይንሳፈፉበታል። «እንግዲህ እኛ ዛሬ የመጣነው…» ሲሉ የመጀመሪያዋ ጠብታ መላጣቸው ላይ አረፈች። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠሉ። ሁለተኛዋ ከዘራውን በያዘው እጃቸው ላይ፣ ሦስተኛዋ ጋቢው ላይ። ከእርስዎ ሠፈር የሚመጣ ውኃ በአርማታና በዛገ ብረት ውስጥ አልፎ ስለሚደርሰን ቀለሙ ቡናማ ነው። በነጭ ጋቢ ላይ እንዴት እንደሚታይ ልንገርዎትን?

ይህን እንኳ እችለው ነበር። ትንሹ ልጄ ግን ማንም ሳያዘው ከጓዳ ሳፋ ይዞ ሮጠ፤ በሽማግሌዎቹ መካከል ሾልኮ ገብቶ በታላቁ አባት በሁለቱ እግሮቻቸው መሐል አስቀመጠው፤ «ትንሽ ወደ ግራ ይጠጉ አባባ» ብሏቸው ተመልሶ ሄደ። የለመደው ሥራው ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ሳፋ ያቀርባል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው አንድ ዐረፍተ ነገር በጨረሱ ቁጥር ሳፋው «ጠብ» እያለ እንደ ምርቃት ተቀባይ አሜን አለላቸው። ባለቤቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ ቄጤማውን አየሁ።

መከራ ብቻውን አይመጣምና ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዕድሜያቸውን ሙሉ በግንበኝነት የኖሩ ሰው ሆነው ተገኙ። ቀና ብለው ኮርኒሳችንን ካዩ በኋላ ዓይናቸው ወደ እኛ አልተመለሰም። «ተዳፋት አልሰጡትም» አሉ፤ ሙሽራይቱ ተረሳች። ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ በመሰላሉ ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። ክቡርነትዎን በአካል ያገኘሁዎት ያኔ ነው።

ምን ያህል ከፍ ብለዋል! መላው ጣሪያ ሐይቅ ሆኖ እርስዎ ብቻ ከውኃው በላይ ሦስት ጣት ያህል ብቅ ብለው በደረቁ ተቀምጠዋል። ውኃ ወደ እርስዎ አቤት ሊል ከፈለገ ሽቅብ መውጣት አለበት። የወጣውም ቢሆን አይገባም፤ ሲሚንቶ እንዳይገባብዎት ብሎ ለሳኙ ያኔ የጎሰጎሰው የከረጢት ወረቀት ዛሬም አፍዎ ውስጥ አለ። ስፋትዎ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግንበኛው አባት ቢያንስ 110 መሆን ነበረበት አሉ። መውረጃ ከዙሪያው ዝቅ ይላል፣ ቅጠል የሚይዝ ወንፊት ይደፋበታል፣ እሱ ቢደፈን እንኳ ውኃው የሚያመልጥበት ሌላ ቀዳዳ በዳር ግንቡ ላይ ይተዋል፤ ወለሉ ደግሞ በየሜትሩ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ያዘነብላል። ይህን ሁሉ ያስረዱኝ ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው ነው። መሐሉ ላይ ከዘራውን ሰደዱት፤ እርጥቡ ግማሽ ስንዝር ያህል ሆነ። አሥር ሳንቲ ሜትር ውኃ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 100 ኪሎ ነው። በየካሬ ሜትሩ አንድ አንድ ኩንታል ጤፍ ተጭኖብን ነው የምንተኛው፤ ጤፉ ቢሆን እንኳ ይበላ ነበር።

ስንወርድ ቡናው ቀዝቅዞ ነበር። እንግዲህ ሽማግሌን ማመላለስ፣ «እንመካከርና የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» ማለት የሴት ወገን ክብር ነው። ያን ክብር ጠብቄ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ልናገር ስል ታላቁ አባት ቀደሙኝ፤ «በክረምት እንኳ አናስቸግራችሁ። ጥቅምት ላይ እንመለስ» አሉ። በገዛ ቤቴ፣ ለገዛ ልጄ፣ ቀጠሮ ተሰጠኝ። ሲወጡ የልጁ አጎት «የእኛ ቤት ቆርቆሮ ናት፤ ግን ደረቅ ናት» ማለቱንም ሰምቻለሁ።

ለአከራዬ በማግሥቱ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «እሱ ጣሪያ አይደለም፤ የአራተኛው ፎቅ ወለል ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለዚያም ነው ልክ እንደ ወለል የተስተካከለው። በየምሰሶው አናት ወደ ሰማይ የተተዉት ፌሮዎችም ያን ፎቅ ሲጠብቁ ዝገዋል፤ ውኃው እነሱን ተከትሎ ወደ ምሰሶው ሆድ ይገባል። ገንዘብ ሲገኝ ለሚሠራ ፎቅ ሲባል እኛ ዛሬ ያለ ጣሪያ እንኖራለን፤ ኪራዩ ግን የባለ ጣሪያ ነው። ጅማ ላይ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል። የእኛ ሶሌታ፣ ማለትም የአርማታው ጣሪያ፣ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ 225 ሺህ ሊትር ማለት ነው። ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የሠሩ አናጢዎች ካልኩሌተር አልነበራቸውም፤ ጣሪያውን አዘንብለው ክፈፉን ከግድግዳው አርቀው ሄዱ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ለሚመለከተው ክፍልም አመልክቼ ነበር። የትኛው ክፍል እንደሆነ አልነግርዎትም፤ የሚያነብ ሁሉ ያውቀዋል። ማመልከቻ ጻፍ፣ መታወቂያ ኮፒ አድርግ፣ የቤቱን ካርታ አያይዝ። ተከራይ ካርታ ከየት ያመጣል? ባለሙያው መስክ ወጥቷል፤ ከመስክ ሲመለስ ስብሰባ ገብቷል። በመጨረሻ መጣ፤ በጥር። ሰማዩ ጠርቷል፣ ሶሌታው ነጭ ሆኖ ደርቋል፣ የጎረቤት በርበሬ ተሰጥቶበታል። «የተባለው ችግር በቦታው አልተገኘም» ብሎ ጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ ሄደ።

የተባለው ችግር ባለፈው ክረምት ከትንሹ ልጄ አልጋ በላይ የነበረውን ልስን ገንጥሎ ጥሎታል። የወደቀው ቁራጭ ትራሱን ሸፍኖት ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት ስለነበር ብቻ ነው ዛሬ ተቀምጬ የማሾፈው። በተገነጠለው ቦታ ፌሮው ይታያል። ብረት ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ አርማታውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል፤ ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፣ የልጄ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ቀና ማለት ይበቃል። አከራዩ ቀለም እንቀባዋለን አለ። ይህን ሕንፃ አይቶ ሰው ይኑርበት ብሎ የፈረመ ሰውም አለ። አንድ ባልዲ ውኃ ይዞ ወጥቶ፣ አፍስሶ፣ ወዴት እንደሚሄድ ቢያይ ምን ይጎድልበት ነበር? አንድ ባልዲ! ደመወዙን ለምንድን ነው የሚበላው?

ይቅርታ ክቡርነትዎ፤ ድምፄ ከፍ አለ።

ሌሎች ቅሬታዎቼን አላበዛም። ቧንቧችን ሲደርቅ ጄሪካን ይዘን ሰፈር ለሰፈር ስንዞር ከራሳችን በላይ ሐይቅ አለን። ቦዬ ረግረግ የሰለቻቸው ወፎችም ወደ እኛ መዛወር ጀምረዋል። ከፊት ለፊታችን ያለው ሕንፃ ቱቦውን እግረኛው ራስ ላይ ቆርጦታል፤ ቢሆንም ያ ያፈሳል፣ ሥራ አለው።

ስለዚህ ከከፍታዎ አራት ጣት ዝቅ እንዲሉ፣ በአፍዎ የያዙትን ወረቀት እንዲተፉና በጥቅምት ለሚመለሱት እንግዶቼ ሲሉ አንዳንድ ውኃ እንዲያወርዱ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
የሦስተኛ ፎቅ ተከራይ፣ ጅማ

ግልባጭ፦
ለአከራዬ፣ የአራተኛው ፎቅ ወለል እንደ ደረቀ እንዲሰጣቸው።
ለሁለተኛ ፎቅ ተከራይ፣ ፖስታ ሳያስፈልግ በኮርኒሳቸው በኩል ይደርሳቸዋል።