ማስተካከያ፦ ስለ ባለ ሸራ ጀልባ አዛዥነት የምስክር ወረቀት

በባሕር ጠረፍ ስለሚጓዙ ባለ ሸራ ጀልባዎች አዛዥነት ባለፈው ባቀረብነው ጽሑፍ፣ በብሪታንያው ሮያል ያችቲንግ አሶሲዬሽን ሥርዓት የሚሰጠውን የ5 ቀን «ኮስታል ስኪፐር» የተግባር ሥልጠና ያጠናቀቀ ሰው «ያችማስተር ኮስታል» የተባለውን የብቃት ማረጋገጫ ወዲያውኑ እንደሚያገኝ መግለጻችን ስሕተት ነው። ሥልጠናው የሚያስገኘው ትምህርቱን ስለ ማጠናቀቅ የሚመሰክር ወረቀት ሲሆን፣ የብቃት ማረጋገጫው የሚሰጠው ከሥልጠናው ተለይቶ በገለልተኛ ፈታኝ ባሕር ላይ የሚካሄደውን ፈተና ላለፈ ብቻ ነው።

ተፈታኙ 30 ቀን በጀልባ ላይ ያሳለፈ፣ ከዚህም ቢያንስ 2 ቀን በአዛዥነት የመራ፣ እንዲሁም 800 የባሕር ማይልና የ12 ሰዓት የሌሊት ጉዞ ልምድ ያለው ሊሆን ይገባል። ኮስታል ስኪፐርን ላጠናቀቀ ሰው ቀኑ ወደ 20፣ ማይሉ ወደ 400 ዝቅ ይልለታል፤ ያሳሳተንም ይኸው ቅናሽ ነው፤ ከልምዱ መጠን የተቀነሰውን ከፈተናው ነፃ እንደ መሆን ቈጥረነው ነበር። የሌሊቱ ሰዓት ግን አይቀነስም፤ በጨለማ የመብራት ምልክቶችን እየለዩ መጓዝ በክፍል ትምህርት የሚተካ ስላልሆነ ይህ ተገቢ ይመስለናል። የሬዲዮ መገናኛና የመጀመሪያ ርዳታ የምስክር ወረቀቶች አስፈላጊ መሆናቸውን በተመለከተ የጻፍነው ትክክል ስለሆነ እንዳለ ይጸናል።