ከጸደቀ በኋላ አትንኩት!

አሁን ነው ከስብሰባ የወጣሁት። ደሜ እንደፈላ ነው።

የትናንቱ የምዝገባ ማስታወቂያ ፖስት አልወጣም። አዎ፣ ያው ሦስት ሰው ያጸደቀው፣ ካፕሽኑን አምስት ጊዜ ያስቀየሩኝ። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በአራቱም የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾቻችን ራሱ እንዲለቀቅ ሼድዩል አድርጌ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

አለቃዬ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ጨርሻለሁ ብለሽ አልነበር?» አለኝ።

«ጨርሼ ነበር። ማታ ተነክቷል።»

«ማን ነካው?»

ዝም አልኩ። ስሙ እኮ እዚያው ስክሪኑ ላይ ተጽፏል! ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ገብቶ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ቀየረ። የጸደቀ ፖስት ከተነካ፣ ፖስት የምናጸድቅበትና ሼድዩል የምናደርግበት ሲስተም ወደ «ማጽደቅ ይጠብቃል» ይመልሰዋል። መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው፤ አለዚያ ማንም የፈለገውን ይጨምርበታል። ግን የነካ ሰው ቢያንስ «ነክቻለሁ» አይልም? ሰዓቱ ደረሰ፣ አለፈ፣ ፖስቱ እዚያው ቀረ።

አለቃዬ ስሙን ሲያይ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ታዲያ አንቺ ማየት ነበረብሽ!» በእኩለ ሌሊት? ሼድዩል የሚደረገው እኮ ሰው ቁጭ ብሎ እንዳይጠብቅ ነው!

ባለፈው ወርም እንዲሁ ነው። የፌስቡኩን ፓስወርድ ቀየሩና አልነገሩኝም። ፓስወርድ ሲቀየር ለሲስተሙ የተሰጠው ፈቃድ ይቋረጣል። የሳምንቱ ፖስት በሙሉ ከሸፈ። ያኔም ጥፋተኛዋ እኔ ነበርኩ።

ደግሞ «አንዱን ጽሑፍ ሁሉም ላይ ልቀቂው» ይሉኛል። ኢንስታግራም 2,200 ፊደል ይቀበላል። ኤክስ ላይ ላልከፈለ 280 ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ እያንዳንዱ እንደ ሁለት ስለሚቆጠር ግማሹ ነው የሚቀረው። ኢንስታግራም ካፕሽን ውስጥ ያለ ሊንክ ሲነካ አይከፈትም። ስንቴ ላስረዳ? ደከመኝ እኮ።

አንጀቴን የሚያሳርረው ግን የእኔ መዋረድ አይደለም። ምዝገባው ትናንት ማታ ተዘግቷል። ዛሬ ጠዋት አንዲት ልጅ በውስጥ መስመር፣ «ስጠብቅ ነበር፣ ለምን አላሳወቃችሁም?» ብላ ጻፈች። ምን ብዬ ልመልስላት? የምልክላትም መልስ መጽደቅ አለበት። ከአጽዳቂዎቹ አንዷ ደግሞ እስከ ሰኞ ፈቃድ ላይ ናት።