«መጀመሪያ እንበልጽግ፣ በኋላ እናጸዳለን» የሚሠራው ለጭስ ነው

ስለ ዘላቂ ልማት በተነሣ ቁጥር የማይቀር መልስ አለ፦ «የበለጸጉት አገሮችም አካባቢያቸውን አበላሽተው ነው የበለጸጉት፤ ሲያልፍላቸው አጸዱት። ሌላው ለምን ይከለከላል?»

ክርክሩ ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 ለንደን ላይ አምስት ቀን የቆየ የከሰል ጭስ ወዲያውኑ ወደ 4,000 ሰው ገደለ። በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ፣ የቤት ምድጃዎች ቀስ በቀስ ወደ ጭስ አልባ ማገዶ ተቀየሩ፣ ሰማዩም ጠራ። ጥቀርሻ አየር ላይ የሚቆየው ለቀናት፣ ቢበዛ ለሳምንታት ነው፤ ምንጩ ከተዘጋ የቀረውን ዝናብ ያጥበዋል። (የሞቱት ግን አልተመለሱም፤ «በኋላ እናጸዳለን» የሚሉ ሰዎች ይህን ከሒሳቡ ያወጡታል።) ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዚያው ምድጃ ቢወጣም ጠባዩ ሌላ ነው፤ ዛሬ ከሚለቀቀው ከፊሉ ከሺህ ዓመት በኋላም አየር ላይ ይኖራል።

ስሕተቱ የጥቀርሻን ልምድ ወስዶ ለሌላው ሁሉ መለካት ነው። አፈርን እንውሰድ። ከአንድ ሄክታር ማሳ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ቢታጠብ ማንም አያየውም፤ ከሳንቲም ውፍረት ያንሳል። ሲሰላ ግን 10 ሜትር ኩብ፣ በክብደት 13 ቶን ገደማ ነው። አዲስ አፈር የሚፈጠረው ደግሞ በአብዛኛው በሄክታር በዓመት ከ1 ቶን በታች ነው። የአንድ ክረምት ጎርፍ የወሰደውን ለመተካት ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል ማለት ነው፤ ያውም በመካከሉ ምንም ካልታጠበ። ማዳበሪያ ሲጨመር ምርቱ ለጊዜው ስለማይቀንስ ጉዳቱ ተሸፍኖ ይቆያል። ማዳበሪያ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ይተካል እንጂ ውሃ የሚይዘውን ብስባሽና ሥር የሚሰድበትን ጥልቀት አይተካም። ጉድለቱ የሚገለጠው ዝናብ በተቋረጠ ዓመት ነው፤ አፈሩ ጥልቅ የሆነ ማሳ ሲታገሥ፣ የሳሳው በቀናት ይጠወልጋል።

መስኖ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ደህና የሚባል የወንዝ ውሃ በሊትር ግማሽ ግራም ጨው ሊኖረው ይችላል፤ ሲጠጣ እንኳ አይታወቅም። በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ በአንድ ሄክታር ላይ ሲለቀቅ ግን 5 ቶን ጨው አብሮ ገባ ማለት ነው። ውሃውን ተክሉና ፀሐዩ ይወስዱታል፣ ጨው ይቀራል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ተክሉ ከሚፈልገው በላይ ከ10 እስከ 20 በመቶ ውሃ ጨምሮ ጨውን ከሥሩ በታች ማጠብና እጣቢውን በማፋሰሻ ቦይ ማስወጣት። ማፋሰሻ በሌለበት ግን እጣቢው መውጫ ስለሚያጣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ይላል። ከመሬቱ ወለል 2 ሜትር ገደማ ሲቀረው የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስበው አፈሩ ውሃውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ጨውም ማሳው ላይ ነጭ ሆኖ ይጋገራል። መስኖ የሚከሽፈው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ግድቡና ዋናው ቦይ ተሠርተው ይመረቃሉ፣ ማፋሰሻው «ለሁለተኛው ምዕራፍ» ይተላለፋል። ለማፋሰሻ ቦይ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን የለምና።

ማስጠንቀቂያው ዘግይቶ የሚመጣበትን ምክንያት ከሁሉ በላይ ያሳየው የካናዳው ኒውፋውንድላንድ የኮድ ዓሣ ነው። በ1968 ወደ 800,000 ቶን ተጠመደ። መንጋው እየተመናመነ በነበረበት በ1980ዎቹም መረብ ሙሉ ይወጣ ነበር፤ ዓሣው ሲያንስ በአንድ ስፍራ ይታጨቃል፣ በድምፅ ሞገድ የሚፈልጉ መርከቦች ደግሞ ያንኑ ስፍራ አያጡትም። የመረቡ ሙላት የባሕሩ ሙላት መስሎ ተቆጠረ። በሐምሌ 1992 ማጥመድ ሲታገድ 30,000 ገደማ ሰው ሥራ አጣ። ለሁለት ዓመት የታሰበው እገዳ የተነሣው በ2024 ነው።

የአገር ውስጥ ምርት ስሌት ይህን አያይም። የተጠመደው ሁሉ ገቢ ተብሎ ይመዘገባል፣ ባሕሩ ውስጥ የጎደለው ግን የትም አይቀነስም። ዋናውን እየበላ «አተረፍኩ» ለሚል ነጋዴ ማን ያበድራል? በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የተመራው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን በ1987 ዘላቂ ልማትን ሲተረጉም የመጪው ትውልድ ፍላጎት እንዳይጎዳ አለ፤ ትክክል ቢሆንም ለመሐንዲስና ለበጀት ክፍል እንዲህ ሲባል አይጨበጥም። የሚጨበጠው እያንዳንዱ ፕሮጀክት ከምን እንደሚቀዳ፣ ያ ነገር በዓመት ስንት እንደሚተካ፣ በየዓመቱ ማን እንደሚለካው በቁጥር ሲጻፍ ነው። ማፋሰሻውም ከግድቡ ጋር በአንድ በጀት መግባት አለበት።

«በኋላ» ምን እንደሚያስወጣ በመካከለኛው እስያ በሚገኘው አራል ባሕር (ባሕር ቢባልም ጨዋማ ሐይቅ ነው) ላይ ታይቷል። በ1960 ወደ 68,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍን ነበር፤ ከዓለም ሐይቆች አራተኛው። አሙ ዳርያና ሲር ዳርያ የተባሉት ወንዞች ለጥጥ ማሳ ተጠልፈው አብዛኛው ክፍሉ ደረቀ። ካዛክስታን በዓለም ባንክ ብድር ታግዛ በ2005 የኮክ አራልን ግድብ ስትጨርስ የሰሜኑ ውሃ ከፍ አለ፣ ጨውነቱ ቀነሰ፣ ዓሣም ተመለሰ። ሰሜኑ የዳነው ግን ከደቡቡ ተቆርጦ ነው። በደቡብ በኩል ያለው የምሥራቁ ገንዳ በ2014 ሙሉ በሙሉ ደርቆ ታየ።