ባሕሩን በጭራሮ

ቦረቦር ውስጥ የጭራሮ ክትር የሠራ ገበሬ አንድ ነገር ያውቃል። ክትሩ የሚሠራው ጎርፉን ለማስቆም ሳይሆን አድክሞ የተሸከመውን አፈር ለማስጣል ነው። ውሃው ሾልኮ ያልፋል፤ ደለሉ ይቀራል። ሣሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በኢንዶኔዥያ፣ በጃቫ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ በምትገኘው ደማክ፣ ይኸው ብልሃት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሕር ላይ ተሞክሯል። እዚያ የማንግሮቭ ደን፣ ማለትም በባሕር ዳር ጨዋማ ጭቃ ላይ የሚበቅል የዛፍ ደን፣ ለዓሣና ለሽሪምፕ ኩሬ ሲባል ተመንጥሮ ነበር፤ ባሕሩም ኩሬውንና መንደሩን እየቆረሰ ገባ። ግንብ ማቆም የማንም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ጭቃ ላይ የቆመ ግንብ ማዕበሉን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ተመላሹ ውሃ ደግሞ የግንቡን እግር ይቦረቡረዋል። ስለዚህ ሁለት ረድፍ እንጨት ተተክሎ በመሃሉ ጭራሮ ታጨቀ። ማዕበሉ በጭራሮው ሲያልፍ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ከአጥሩ ጀርባ የረጋው ውሃ ጭቃውን ያስቀምጣል። ጭቃው ከፍ ሲል ማንግሮቩ ውሃ ባመጣው ዘር ራሱ ይበቅላል።

የምወድለት ይህንኑ ነው፤ ማንም ችግኝ ይዞ ፎቶ አይነሣበትም። በፊሊፒንስ በዘመቻ ከተተከለው ማንግሮቭ በአብዛኛው የጸደቀው ከ10 እስከ 20 በመቶው ብቻ ነበር። ተስማሚው መሬት በኩሬ ባለቤቶች ስለተያዘ ችግኙ የወረደው ባለቤት ወደሌለው፣ ውሃ አብዝቶ ወደሚተኛበት ጭቃ ነው። በተተከለ ችግኝ ብዛት መኩራራት የእኛም አመል ስለሆነ ይህን ሳነብ አልሳቅሁም።

የደማክ አጥርም ቢሆን ተአምር አልሠራም። እንጨቱን የባሕር ትል እየበሳ ይጥለዋል፤ በየጊዜው መጠገን አለበት። ይህስ በጉልበት ይቻላል። የባሰው ከታች ያለው ነው። ለከተማና ለፋብሪካ የከርሰ ምድር ውሃ ስለሚሳብ መሬቱ ራሱ ይሰምጣል፤ በአካባቢው በአንዳንድ ቦታ በዓመት እስከ 10 ሴንቲ ሜትር። አጥሩ ያጠራቀመውን ደለል የውሃ መሳቢያው ከሥር ይበላዋል። አጥሩ ከሸፈ ብለው የሚጽፉ ሰዎች ጣታቸውን ወደ ጭራሮው ሳይሆን ወደ መሳቢያው ቢቀስሩ ደስ ይለኛል።

በዚያው በደማክ ቲምቡልስሎኮ በምትባለው መንደር ሰዎች የቤታቸውን ወለል በሳንቃ ደጋግመው ከፍ አድርገዋል። ጣሪያው ግን ከፍ አላለም፤ አዋቂ ሰው በገዛ በሩ የሚገባው ጎንበስ ብሎ ነው።