መርካቶ የማውቀው ልጅ አለ

አዲሱን የተራራ ሳይክል ጫማዬን አድርጌ ቢሮ ስገባ ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ እንደምን አደርክ እንኳን ሳይለኝ ዓይኑን እግሬ ላይ ተክሎ "ስንት ገዛኸው?" አለኝ። ነገርኩት። (ለእናንተ አልነግራችሁም፣ ምክንያቱ አሁን ይመጣል።) ቅንድቡን ሰቀለ፣ ጎንበስ ብሎ በበዓል ዋዜማ ዶሮ እንደሚገዛ ሰው ጫማውን ጫን ጫን አደረገው፣ ትንሽ ዝም አለና "ተበልተሃል" አለ። ከዛ የሚከተለውን እናንተም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፣ "ለኔ ብትነግረኝ ኖሮ እኮ መርካቶ የማውቀው ልጅ አለ፣ በግማሽ ዋጋ ነበር የሚሰጥህ።"

ቆይ ግን ይሄን የመርካቶ ልጅ በዓይኑ ያየው ሰው አለ? እስካሁን ከየሰዉ የሰማሁትን ስደምረው ልጁ ፍሪጅ ይሸጣል፣ ቆርቆሮ ይሸጣል፣ መጋረጃ፣ የሙሽራ ልብስ፣ የመኪና ባትሪ፣ ላፕቶፕ፣ አሁን ደሞ የተራራ ሳይክል ጫማ ጨምሯል፣ ሁሉንም የሚሸጠው በግማሽ ዋጋ ነው፣ እንዴት እስካሁን እንዳልከሰረ እሱና ፈጣሪው ነው የሚያውቁት። የሚገርመው ደሞ ልጁ የሚገኘው አንተ ከገዛህ በኋላ ብቻ ነው። ቀድመህ ስትጠይቅ ወይ ስልኩ አይሠራም፣ ወይ ክፍለ ሀገር ወጥቷል፣ ወይ "ቆይ ቁጥሩን እልክልሃለሁ" ተብሎ በዛው ይቀራል። ይሄው የቢሮዬ ልጅ ራሱ እኮ ከመግዛቴ በፊት "ኪስ የማይጎዳ የተራራ ሳይክል ጫማ የት አገኛለሁ?" ብዬ ጠይቄው "ለሳይክል ደሞ ምን ጫማ ያስፈልጋል፣ ሸራ አድርገህ አትነዳም?" ነው ያለኝ። ማለት እቃው ጭራሽ አያስፈልግም፣ ከገዛኸው ግን ግማሽ ዋጋው ነበር።

እሺ ያስፈልጋል ወይ? ያስፈልጋል። አስፋልት ላይ ለሚነዳ ሰው እንኳን ይቅር እንበል፣ እንጦጦ ላይ ግን፣ ከ3000 ሜትር በላይ ነው የምናወራው፣ ከፓርኩ ደህና መንገድ ወጣ ብለህ ባህር ዛፉ መሃል ስትገባ መሬቱ ሥር ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ደረቅ ቅጠል ነው፣ ዝናብ ሲነካው ደሞ ቅጠሉ ሳሙና ነው። የሩጫ ጫማ ሶሉ ለስላሳ ስፖንጅ ነው፣ የእርምጃህን ምት እንዲውጥ ተብሎ የተሠራ፣ ፔዳል ላይ ታዲያ የሚውጠው የአንተን ጉልበት ነው። ቁልቁለት ላይ አንድ ሥር ስታልፍ እግርህ ከፔዳሉ ተነስቶ ይቀራል፣ ፔዳሉ ይዞርና በነዛ ብረት ጥርሶቹ ቅልጥምህን ይልሃል። ያማል። ማታ ስትታጠብ ድጋሚ ያማል። ለዚህ ነው ሶሉ ዝርግ የሆነ፣ ላስቲኩ ለስለስ ብሎ የፔዳሉን ጥርስ ነክሶ የሚይዝ፣ ከውስጥ ግን ጠንከር ብሎ ጥርሱ እግርህን እንዳይወጋህ የሚከለክል ጫማ የሚሠሩት። በዚህ ስሙ የገነነው ፋይቭ ቴን የሚባል ጫማ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ካሊፎርኒያ ሲጀምር እንደውም ለሳይክል አልነበረም፣ ገደል ለሚወጡ ሰዎች ነበር፣ ቋጥኝ ላይ የሚጣበቅ ላስቲክ ፔዳል ላይም ተጣበቀና ሳይክለኛው ወረሰው፣ በ2011 ደሞ አዲዳስ ገዛው። እኔ ልገዛው አልቻልኩም። መቶ ዶላር ከፍ ሲል ነው የሚጀምረው፣ ዶላር ደሞ በኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ወዲህ ወዴት እንደሄደ ታውቃላችሁ፣ ቦሌ ሳይደርስ ገና አስር ሺህ ብር አልፏል። "ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ይዞልህ ይምጣ" የሚሉ አሉ፣ የሚመጣው ሰው ሻንጣ ግን ከመነሳቱ ስድስት ወር በፊት ሞልቷል፣ በቪታሚንና በማያውቁት ሰው የልጅ ልብስ።

አጎቴ ነገሩን ሲሰሙ ተቆጡ። "አንተ ልጅ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ጉድ ባሰኘበት አገር ተወልደህ ለሳይክል ጫማ ትገዛለህ?" ይሄን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! በዚህ አገር ጫማ ልግዛ ባልክ ቁጥር አበበ ይነሳብሃል። "ጋሼ፣ ሮም ላይማ በባዶ እግሩ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960፣ 2፡15፡16 ገባ። ግን በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማም ካልሲም አድርጎ 2፡12፡11 ነው የገባው። በጫማ ሦስት ደቂቃ ፈጠነ እኮ ጋሼ" አልኳቸው። ጋሼ ዝም አሉ፣ ቡናቸውን ጠጡ፣ ከዛ "ጫማው ግን ስንት ነው?" አሉ።

ይሄ ነገር በእውነት ያናድደኛል። አበበን የሚያነሱት ስለ አበበ ለማውራት አይደለም፣ አንተን ዝም ለማሰኘት ነው። ስለ ሳይክል ከሆነማ ገረመው ደንቦባ አለ አይደል፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ ሳይክል የነዳ። ጽጋቡ ግርማይ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ። እነዚህን ማንም አያነሳም፣ ምክንያቱም ሁለቱም ሲነዱ ጫማ ነበራቸው፣ ለክርክር አይመቹም።

ብቻ መርካቶ ወረድኩ። ልጁን ፍለጋ አልልም፣ ግን ዓይኔ ትንሽ መፈለጉ አልቀረም። ሰልባጅ ጫማ ከተከመረበት አንዱ ጋር ቆምኩና ሳይክል ስል "አለ ብራዘር!" ብሎ ከስር አንድ የሚያብረቀርቅ ነጭ ጫማ መዞ አወጣ። ገለበጥኩት፣ ሶሉ ላይ ሦስት የቡሎን ቀዳዳ። እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ ገንዘብ የሚያድነው ነገር ይሄ ነው፤ ቀዳዳው ጫማውን ከፔዳሉ ጋር የምትቆልፈው ብረት የምትታሰርበት ነው፣ ሦስት ቀዳዳ ያለው የአስፋልት ነው፣ የተራራው ሁለት ነው። የአስፋልቱ ሶል ድርቅ ያለ ፕላስቲክ ስለሆነ እንጦጦ ላይ ወርደህ ሳይክልህን መግፋት ስትጀምር፣ መጀመርህ ደሞ አይቀርም፣ ቁልቁል ትንሸራተታለህ። የተራራው ግን ክሊት የሚሏት ብረት ሶሉ ውስጥ ጠለቅ ብላ ነው የምትታሰረው፣ የጃፓኑ የሳይክል ዕቃ አምራች ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1990 ይሄን አቆላለፍ ኤስፒዲ ብሎ ካመጣው ወዲህ ብዙው በዛው ነው የሚሄደው፣ ብረቷ መሬት ሳትነካ እንደ ሰው ትራመዳለህ። "ወንድሜ ይሄ የአስፋልት ነው፣ ሦስት ቀዳዳ አለው" አልኩት። ሳቀብኝ። "አየር ማስገቢያ ነው ብራዘር፣ ለተራራም ለሜዳም ነው፣ ከፈለግክ ለሠርግም ታደርገዋለህ።"

ለነገሩ እኔ ከፔዳል ጋር የሚቆላለፈውን አልፈልግም። ጓደኛዬ ገዝቶት አይቻለሁ። ለመውጣት ተረከዝህን ወደ ውጭ ማዞር ነው ይሉሃል፣ ቀላል ነው፣ ግን የደነገጠ ሰው ተረከዝ አያዞርም፣ እግሩን ወደ ላይ ነው የሚጎትተው። ቀይ መብራት ላይ ቆመ፣ ጎተተ፣ እምቢ አለ፣ በቁሙ ቀስ ብሎ ሚኒባስ ጎን ወደቀ። ወያላው በመስኮት ወጥቶ "አይዞህ ብሮ፣ ገና ሳትነሳ ነው የወደቅከው!" አለው። (ወደ ላይ ሲጎተትም የሚለቅ ክሊት አለ፣ ኤስ ኤች 56 የሚባለው፣ ለጀማሪ እሱ ይሻላል፣ አስፋልቱ ላይ ሳለ ልነግረው አስቤ ጊዜው አልመስል አለኝ።) ደሞ ጫማው ብቻውን ርካሽ ቢሆን ምን ዋጋ አለው፣ ፔዳሉንም ትገዛለህ። አዲስ ፔዳል ሲሆን ክሊቱ አብሮ ይመጣል፣ አሮጌ ሲሆን "እሱን ለብቻው ነው" ትባላለህ።

ስለዚ ዝርጉን መረጥኩ፣ ከፋይቭ ቴን ውጪ ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ዝርግ ሶል ያለውን የስኬት ጫማ፣ ቫንስና የመሳሰሉትን ያደርጋል፣ መጥፎ አይደለም፣ ከተማው ውስጥ የሚሸጠው ኮፒ ግን ሶሉ ላስቲክ ሳይሆን ፕላስቲክ የሆነ ሞልቷል። ጥፍርህን ሶሉ ላይ ተጫን፣ ትንሽ ካልገባ ተወው። ከዛ ጫማውን በሁለት እጅህ እጠፈው፣ መሃሉ ላይ ሙሉ በሙሉ ከታጠፈልህ እሱንም ተወው፣ እግርህን ፔዳሉ ይበላዋል። ማታ ማታ እግር ስለሚያብጥ ከሰዓት ሂድ፣ የምትነዳበትን ካልሲ አድርገህ። እኔ ይሄን ሁሉ አድርጌ ነው የገዛሁት። ተረጋግቼ። ሦስት ሱቅ ዞሬ ዋጋ ተከራክሬ። አልተበላሁም።

ተረጋግቼ ያልኩት እንዲሁ አይደለም፣ በጣም የምወደው ተረት አለ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሰው ለትዳር ነው የሚጠቀምበት፣ እኔ ለጫማ ክርም እጠቀምበታለሁ፣ ምክንያቱም የቀኝ እግር ክር ተፈትቶ ካቴና ውስጥ ከገባ ሳይክሉ ይቆማል አንተ ትቀጥላለህ። (ክሩን ወደ ውጭ በኩል እሰሩት፣ የተረፈውን ከስር ወትፉት።) ግን ይሄ ተረት ከምንም በላይ የሚሠራው ለሰፈራችን መንገድ ነው። ለበዓል ይድረስ ተብሎ በሌሊት አስፋልት ለበሰ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ጭብጨባ ምናምን፣ ወሩ ሳይሞላ ሌላ መኪና መጥቶ ለቧንቧ ቆፈረው። ቧንቧው ከአስፋልቱ በፊት አልታወቀም ነበር? ቆፋሪዎቹን ጠየቅኳቸው፣ "እኛ የታዘዝነውን ነው" አሉኝ። ጉድጓዱ እስካሁን አለ፣ አፈር ተመልሶበታል፣ ሲዘንብ ጭቃ ነው፣ የተራራ ሳይክል ለመንዳት እንጦጦ ድረስ መሄድም አያስፈልገኝም እኮ፣ ከበሬ ወጥቼ ግራ ብታጠፍ ይበቃኛል። ማን ነው ታዲያ የተበላው? ያ ብር የኔም ነው፣ ለሱ ግን ማንም መጥቶ "ስንት ነው የወጣበት?" ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

ተረት ካነሳን የሚስቴ ወንድምም አንድ ተረት አለው፣ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ጫማዬን ባየ ቁጥር ይችን ተረት ይተርታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ይሄ ሰውዬ የጎማ መንፊያዬን "ለአንድ ቀን" ብሎ ወስዶ ስንት ክረምት አለፈ። ግፊት የሚያሳይ ሰዓት ያለው፣ ደህና መንፊያ። በሱ ምክንያት ጎሚስታ ቤት ብር እየከፈልኩ ነው የማስነፋው፣ ልጁ ደሞ የሳይክል ጎማ አያውቅም፣ እንደ መኪና ጎማ ነፍቶ ያደነድንልኛል፣ ሥር ላይ እንደ ኳስ ነው የምነጥረው። ሞፈሬን ቆርጦ የወሰደ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ሞፈር ይተርትልኛል። ሚስቴ "ተወው ወንድሜ ነው" ትለኛለች። መንፊያው ግን የኔ ወንድም ነበር።

እስካሁን ስለ ጫማዬ ደህና ጥያቄ የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሷም እንጦጦ ላይ ነው ያገኘኋት። ከባህር ዛፉ መሃል ከሷ የሚበልጥ የማገዶ ሸክም አዝላ፣ ባለ ሦስት መቶ ብር የማይመስለኝ ፕላስቲክ ጫማ አድርጋ፣ እኔ ወርጄ በምገፋበት ቁልቁለት ቀጥ ብላ የምትወርድ እናት። መንገድ ለቀቅኩላት። "እናቴ በርቺ" አልኳት። ቆም ብላ እግሬን አየችና "ይሄ ውሃ ያስገባል?" አለችኝ። ያስገባል አልኳት። "እንግዲያው ምን ሊሆንህ ነው" ብላ ወረደች። ትክክል ናት፣ ለክረምት አይሆንም፣ ለሻጩ ይሄን ጥያቄ አላነሳሁለትም ነበር ማለት ሳይሆን አንስቼ "አያስገባም" ብሎኝ ነው።

ወደ ዋጋው እንመለስ። አልነግራችሁም ብያለሁ፣ ግን ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ የሚስቴ ወንድም እንደ ልማዱ "ለመሆኑ ስንት ገዛኸው?" ሲለኝ አንድ ነገር ልሞክር ብዬ ግማሹን ነገርኩት። ግማሹን! የከፈልኩትን ለሁለት ከፍዬ፣ ሽሮዬን እየበላሁ፣ ፊቴን ሳልቀይር። እስቲ አሁን ተበላህ በለኝ ብዬ ጠበቅኩ። እሱም መጉረሱን አቁሞ ጫማውን አየው፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና ጫማውን አየው።

"በዛ ዋጋማ ለኔም አምጣልኝ" አለ። "43 ነው ቁጥሬ። ጥቁር ከሆነ ደስ ይለኛል። ብሩን ስታመጣው እሰጥሃለሁ።"

ሚስቴ "ያመጣልሃል፣ ምን ችግር አለው" አለችው። መንፊያውን ይመልስና እናያለን።