እንደ ግብዓት ተወስዷል

ጅማ ላይ ቅርስ በጣም የሚወደደው አዳራሽ ውስጥ ነው። ውጭ ላይ ያን ያህል አይደለም። አዳራሽ ገብቶ ማይክ የጨበጠ ሰው ግን ስለ አሮጌ ድንጋይ ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱም መሀረብ ያወጣል። ይህን ጸጋችንን የሚያደንቅልን ስላጣሁ ዛሬ ራሴ ላደንቀው ተነሥቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ኮረብታ ላይ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ምሽግ አለ። ወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ ጠበብ ያሉ የመተኮሻ ቀዳዳዎች፣ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ረጅም ክፍል። ጣሊያን ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ አድርጓት ነበርና የተከለው ብዙ ነው፤ ፈረንጅ አራዳ በሚባለው ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። በሰኔ 1933 ከተማዋ ከእጁ ስትወጣ ግንቡን ተሸክሞ አልሄደም። እኛም ከዚያ ወዲህ አልነካነውም። ማለቴ፣ በይፋ አልነካነውም።

አንድ ቀን «ይህን ምሽግ እንዴት እንጠብቀው? ለምንስ እናውለው?» ተብሎ ሕዝቡ ተጠራ። የጠራንን መሥሪያ ቤት ስም ተዉት። ለ2፡30 የተጠራው ስብሰባ 4፡10 ላይ ተጀመረ። ይህም ሊመሰገን ይገባል። ስለ መጠበቅ ለመወያየት የመጣ ሰው ትንሽ ቢጠብቅ ምን ይላል? ከመድረኩ በላይ «ቅርሳችንን በጋራ እንጠብቅ!» የሚል ባነር ተወጥሯል። እውነቱን ለመናገር ባነሩ ግሩም ነበር። ወፍራም ሸራ፣ ዳር ዳሩን የብረት ቀለበት የተመታበት፣ ርዝመቱ ስድስት ሜትር የሚሆን። ለከተማችን ማተሚያ ቤቶች አድናቆቴ ይድረሳቸው።

ደንቡ ለአንድ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው ተናጋሪ ኮቱን ቆለፈ። «በቅድሚያ ይህን መድረክ ያመቻቹልንን አካላት፣ በመቀጠልም ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶቻችንን...» አለ። ጥሪውን ያደረገው እሱ አይደለም። እሱም እንደኛው ተጠርቶ የመጣ ነው። ቢሆንም አመሰገነን። ሁለት ደቂቃ ተኩሉ በምስጋና ሄደ፤ በቀረችው ግማሽ ደቂቃ «ቅርስ ማንነት ነው» ብሎ ተቀመጠ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ሁለተኛው «ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሜ ሐሳቤን ጨርሰውልኛል» ብሎ ጀመረ። ሐሳቡ ያለቀበት ሰው ዘጠኝ ደቂቃ ሲናገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተሰጥኦ ነው። ያለ ቤንዚን የሚሄድ ባጃጅ በሉት።

ከዚያ «ምን ይሁን?» ወደሚለው ገባን። እዚህ ላይ የከተማችን ሰው ለጋስ ነው፤ የራሱ ያልሆነውን ቤት ለሁሉም ያድላል። ሙዚየም ይሁን ተባለ። የቡና ሙዚየም ይሁን ተባለ። የሠርግ አዳራሽ፣ የወጣት ማዕከል፣ ድሮን የሚበርርበት የፎቶ ቦታ ይሁን ተባለ። አንድ ባለሀብት ተነሥተው «ግንቡ ታሪካዊ ይዘቱን እንደጠበቀ» አሉና ሦስቱ ጎኖች ፈርሰው ጂ ፕላስ ፋይቭ ሎጅ ከነመዋኛው እንዲሠራ ሐሳብ አቀረቡ። አራተኛው ጎን ይቀራል። እንግዳው ቁርሱን እየበላ ያየዋል። ከጎኔ የተቀመጠ ልጅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ መለወጥ ይከለክላል ብሎ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ለምን ተነሥተህ አትናገርም አልኩት። «ፎርም ሞልቼ መሬት እየጠበቅሁ ነው» አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው።

ቀጥሎ አንድ ሰውዬ በቁጣ ተነሣ። «የፋሽስት ምሽግ ምን ያደርግልናል? የጅማ ቅርስ ጅሬን ነው!» አለ፤ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ማለቱ ነው። ይህን ንግግር በሽሙጥ ልነካው አልፈልግም፤ ጥያቄው ጥያቄ ነው። ደግሞም ጅማ በምሽግ ብዙ የምትታመን አገር አልነበረችም። በርግጥ የድሮው የጅማ መንግሥት በዙሪያው አጥርና ቦይ፣ በየመግቢያው ኬላ ነበረው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ግን እ.ኤ.አ. ከ1878 ጀምሮ ከ50 ዓመት በላይ ሲነግሡ ትልቁ ግንባቸው ብልሃታቸው ነበር። ለምኒልክ ገበሩ፤ አገራቸው ሳይቃጠል፣ የሂርማታ ገበያም ሳይበተን ቆየ። ከእንጨት የተሠራውን የጅሬንን ቤተ መንግሥት በረንዳ ያየ ሰው፣ ሰውየው ለመድፍ ሳይሆን ለእንግዳ እንደሠሩት ይገባዋል።

የእኔ ተራ ደረሰ። እኔም ከዚሁ ሕዝብ ነኝና ማፈር የለብኝም። ማታውን በስልኬ ሳነብ ያደርኩትን ሁሉ አራገፍኩት። ሞምባሳ ያለው ፎርት ጂሰስ እ.ኤ.አ. በ1593 በፖርቱጋሎች ተጀመረ አልኩ። እንግሊዞች ከ1895 እስከ 1958 እስር ቤት አደረጉት፤ ኬንያውያን «የቅኝ ገዢ ነው» ብለው አላፈረሱትም፤ ከ1962 ጀምሮ ሙዚየም ነው፤ በ2011 ዩኔስኮ መዘገበው። የዛንዚባር አሮጌ ምሽግ ሙዚቃ ይደመጥበታል። ሩቅ ለምን እንሄዳለን፣ የሐረር ጀጎል ግንብ ለጅብ ሳይቀር መግቢያ ቀዳዳ ትቶለታል። (እኛ አዳራሽ ከተገኘነው ይልቅ የሐረር ጅብ በግንቡ ጉዳይ የበለጠ የተሳተፈ ይመስለኛል። ይህን ግን አልተናገርኩም፤ አሁን ነው የመጣልኝ።) ሞምባሳ ሄጄ አላውቅም። ዛንዚባርም እንደዚያው። ጭብጨባው ግን ሁለቱም ጋ የሄድኩ አስመሰለኝ።

ሁሉም እንዲህ በሰላም እየሄደ ሳለ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ተነሡ። ምስጋና የለ፣ መግቢያ የለ።

«ጣሪያው ያፈሳል ወይ?» አሉ።

አዳራሹ ዝም አለ። አወያዩ ወረቀቱን አገላበጠ። «እማማ፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው። ግን አሁን ወደ ቴክኒክ ጉዳይ ባንገባ» አላቸው። ተቀመጡ። ልክ ነው። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አንሥቶ ስብሰባ መረበሽ የለበትም።

«ለመሆኑ ቦታውን ያየ አለ?» ብሎ የጠየቀም ነበር። ከመቶ በላይ ሰው ነበርን። አንድ እጅ ብቻ ተነሣ። ከኋላ፣ በሩ ጋ፣ የወታደር ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። እጃቸው ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ተነሥቶ አይቼዋለሁ። አወያዩ ሰዓቱን አየ። «ከኋላ ያላችሁ በጽሑፍ ብትሰጡን» አለ። ሽማግሌው እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። እስክሪብቶ የሰጣቸው አልነበረም።

መዝጊያው ላይ ነው ያቺ የምወዳት ቃል የመጣችው። ሎጁም፣ ሙዚየሙም፣ ሞምባሳዬም፣ የጅቡን ቀልድ ያልጨመርኩበት ጀጎልም፣ «ሁሉም እንደ ግብዓት ተወስዷል» ተባለ። እንዴት ያለች ቃል ናት! አዎ አትልም፣ አይ አትልም። ሐሳብህ አልተጣለም፤ አልተሠራበትምም። ተወስዷል። ወዴት? ይህን የሚጠይቅ ባለጌ ነው። ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተመረጠ፣ ጥናት ይጠና ተባለ፣ አቴንዳንስ ተፈረመ፣ አበሉ ተሰጠ፣ ሻይና ቡና ቀረበ። ቡናው ላይ የሰማሁት ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ብቻ ነው። ስለ ምሽጉ ያነሣ አልነበረም። መቼም ሥራና ሻይ አይቀላቀልም።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ነሐሴ ላይ፣ ከጸጸት ይሁን ከሥራ ማጣት አላውቅም፣ ባጃጅ ይዤ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። በሩ ላይ አንድ ዘበኛ ዣንጥላ ስር ተቀምጠዋል። ካፖርታቸውን አየሁና አወቅኋቸው። እጃቸውን ሦስት ጊዜ ያነሡት ሽማግሌ።

«ሰላም ነዎት አባባ? ስብሰባው ላይ ነበርኩ» አልኳቸው።

«አውቄሃለሁ። የሞምባሳው ነህ» አሉኝ።

አስገቡኝ። በምሥራቅ በኩል ያለው ግንብ ወገቡ ድረስ የለም። ድንጋዩ የት ሄደ ብዬ ጠየቅሁ። ወደ ቁልቁሉ አሳዩኝ። እዚያ ካሉት ቤቶች የሦስቱ አጥር ያማረ ጥርብ ድንጋይ ነው። የአንዱ መሠረትም እንደዚያው። ይኸው ግብዓት! የኔ ሐሳብ ወዴት እንደተወሰደ እንጃ እንጂ የግንቡስ በደንብ ተወስዷል።

ከዚያ ወደ አንድ ጥግ ወሰዱኝ። ከኪሳቸው ሚስማር አወጡ። አሮጌው ግንብ በኖራ የተገነባ ነው፤ በሚስማሩ ጫሩት፣ እንደ ዱቄት ትንሽ ረገፈ። ቀጥሎ ያለውን መቱት። ቀጭ አለ። ሲሚንቶ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት ትልቅ ሰው ይጎበኛል ተብሎ በአንድ ሌሊት ተለስኖ ነጭ ቀለም የተቀባ ነው። ጎብኚው አልመጡም። ኖራ ውኃውን ይተነፍሰዋል፤ የገባው እርጥበት በመጋጠሚያው ይወጣል። ሲሚንቶ ግን አፍኖ ያስቀረዋልና ውኃው መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ ይመጣል። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ቃል አልተናገሩም። ሲሚንቶው አጠገብ ያለውን ድንጋይ በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። ፊቱ እንደ ብስኩት ተላጠና እጃቸው ላይ ቀረ።

«ደግሞ ይችን እያት» አሉኝ። ከግንቡ አናት ላይ የክንድ ውፍረት ያላት ሾላ በቅላለች። ሥሯ ሁለት ድንጋይ ከፍቶ ገብቷል። በየዓመቱ ይቆርጧታል። መሰላል ስለሌላቸው የሚደርሱት እስከ ግማሽ ነው። መሰላል ለምን አልጠየቁም አልኩ።

«እሱን ልጠይቅ ነበር እኮ እጄን ያነሣሁት።»

ደግነቱ መሰላል የቴክኒክ ጉዳይ ነው።

«የፋሽስት ቤት ለምን ይጠበቃል ያለውን ሰውስ ምን አሉት በሆድዎ?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «አባቴ እዚህ ድንጋይ አመላልሷል። በግድ። ያ ሰውዬ የጣሊያን ይለዋል። እኔ የአባቴን ትከሻ ነው የማየው» አሉ። ከዚያ እንዳልሰሙ ሆነው መጥረጊያቸውን አነሡ። ቃለ ጉባኤው ላይ ይህ የለም። ቦታም አይኖረውም፤ አምስት ገጹ በምስጋና ሞልቷል።

ዝናቡ ዶፍ ሆነ። ወደ ረጅሙ ክፍል ገባን። ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ይመታል። በስተግራ በኩል ሁለት ባልዲና አንድ ድስት ተደርድረዋል፤ ጠብ ጠብ የሚለው ወደ እነሱ ነው። የእማማ ጥያቄ መልስ አገኘ፤ ያፈሳል። በስተቀኝ፣ የሽማግሌው አልጋ ያለበት በኩል ግን ደረቅ ነው። ቀና ብዬ አየሁ። ከማገሩ ስር፣ በብረት ቀለበቶቹ በኩል በሽቦ ተወጥሮ፣ ስድስት ሜትሩን ሙሉ ተዘርግቶ፣ ጽሑፉ ወደ ታች፦ «ቅርሳችንን በጋራ እንጠብቅ!»

«አዳራሹ በር ላይ ጥለውት ሲሄዱ አነሣሁት» አሉኝ። «ጠንካራ ነው። አንድ ጠብታ አላሳለፈም።»

ከዚያ በስተግራ ወዳሉት ባልዲዎች ዞር አሉና፣ ያንኛውን ክፍተት በክንዳቸው ለካ ለካ አደረጉት።

«የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ ነው ልጄ?»